የበርበሬ ችግኜ ከጥላ ሲወጣ ለምን ነጣ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሣር ጥላ ሥር ያደገ የበርበሬ ችግኝ ወደ ማሳ አዛውሬ ነበር። አሁን የላይኞቹ ቅጠሎች ነጣ ነጣ ብለው፣ ሲነኳቸው እንደ ወረቀት ደርቀዋል። ሌላ ቅጠል የጋረዳቸው ግን ደህና ናቸው። አንድ ባለሙያ «ዲ1 የሚባል ፕሮቲን ተጎድቶ ነው» አለኝ። ምንድን ነው? መድኃኒት ልርጭ?

የባዮሎጂ መምህር (ማራኪ)፦
ወንድሜ፣ አትርጭ፤ በሽታ አይመስልም። ዲ1 በክሎሮፕላስት (ቅጠሉ ውስጥ ብርሃንን ወደ ምግብ የሚቀይረው አረንጓዴ ክፍል) ውስጥ፣ ፎቶሲስተም ሁለት የሚባለው ክፍል እምብርት ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። በብርሃን ጉልበት ውኃ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፤ 4 የማንጋኒዝና 1 የካልሲየም አቶም ይዞ ውኃውን ይከፍላል፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅንም ከዚያ ይወጣል። ግን ያው የሚሠራበት ብርሃን ይጎዳዋል። ጤነኛ ቅጠልም ቢሆን ቀኑን ሙሉ የተጎዳውን ዲ1 እየነቀለ አዲስ ይተካል፤ በጠራራ ፀሐይ አንዱ ዲ1 አንድ ሰዓት እንኳ ላይቆይ ይችላል። ጥላ የለመደ ቅጠል ትርፉን ብርሃን ወደ ሙቀት ቀይሮ የማስወገድ አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ጥገናውን ቀደመው፣ ቅጠሉም ነጣ።

ገበሬ (ደምቢያ)፦
ማሳው አምና በቆሎ ነበረበት? አትራዚን ያለበት ፀረ አረም ተረጭቶ ከሆነ እሱም ይህንኑ ዲ1 ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። በቆሎ መርዙን ራሱ ያመክነዋል፤ በርበሬ አይችልም። እንዲያ ሲሆን ግን ቢጫነቱ ከታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ነው የሚጀምረው።

ጠያቂ፦
ጤፍ ነበር፣ ፀረ አረም አልነካውም። የታችኞቹም አረንጓዴ ናቸው።

ችግኝ አፍይ (ጠዳ)፦
እንግዲያው ፀሐዩ ነው፣ አይዞህ ልጄ። የነጣው ቦታ ተመልሶ አይለመልምም፤ ቅጠሉን ግን አትቁረጠው፣ የቀረው አረንጓዴ ይሠራል። መሀል ላይ ብቅ የሚለውን ለጋ ቅጠል እይ፤ እሱ አረንጓዴ ከሆነ ችግኙ ይድናል። እስኪያገግም ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጋርድ ቅርንጫፍ ስካበት። መደብ ላይ የቀረውን ደግሞ ጥላውን ጠዋት ጠዋት እያነሣህ፣ ሰዓቱን በየቀኑ እያስረዘምክ አለማምደው። ስታዛውርም ወደ ማታ ይሁን።

የባዮሎጂ መምህር፦
እናቴ ያሉት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ብርድ የዲ1ን ጥገና ያዘገየዋል። ሌሊቱ በርዶ ካደረ ጥላውን ገና ፀሐይ እንደወጣች አታንሣ፤ ቅጠሉ ሞቅ እስኪል ጠብቅ።