አባቴ የመርጫውን ኖዝል በአፋቸው ነፉ፤ ምን ያህል ልፍራ?

መርጫ አዛይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና አባቴ አረም የምናጠፋው በጀርባ በሚታዘል መርጫ ነው። ስድስት ዓመት ሆነን። ባለፈው ሳምንት ኖዝሉ፣ መድኃኒቱ የሚረጭበት ጫፉ፣ ተደፈነ። አባቴ ፈቱትና እንደ ዋሽንት አፋቸው ላይ ደግነው እፍ አሉት። እንትፍ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ያን ቀን ግን እህቴ አየች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እህቴ «የዓለም ጤና ድርጅት ካንሰር ያመጣል ብሏል» ትላለች። አጎቴ «መርዝነቱ ከገበታ ጨው ያነሰ ነው፣ ሰው አይነካም» ይላል። ሁለቱም ስልካቸውን እየደቀኑ ያሳዩኛል። አባቴ መሀል ላይ ሆነው «እኔ ይኸው አለሁ አይደል?» እያሉ ይስቃሉ። ማነው ልክ?

ቤተ ሙከራ፦
የምትሉት ግላይፎሴት የሚባለው አረም ማጥፊያ ይመስለኛል። የዜናው ጭቅጭቅ በአብዛኛው እሱ ላይ ነው።

እህትህ ከመሬት አልተነሳችም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ምድብ 2ኤ ውስጥ አስገብቶታል፤ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» እንደማለት ነው። ቀይ ሥጋና የሌሊት ፈረቃ ሥራም እዚያው ምድብ ውስጥ ናቸው። በ2016 ደግሞ ራሱ ድርጅቱ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ያቋቋመው ቡድን፣ ከምግብ ጋር በሚገባው መጠን ካንሰር ያመጣል ተብሎ አይጠበቅም አለ።

ጥያቄው ለየቅል ነው። አንዱ «ገደል አለ ወይ?» ይላል። ሌላው «የሚበላው ሰው ለገደሉ ምን ያህል ይቀርባል?» ይላል። አንተ ግን በላተኛ ብቻ አይደለህም፣ ረጪ ነህ። በ2018 የወጣ ከ54,000 በላይ ረጪዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ከሊምፎማ ካንሰር ጋር ግልጽ ግንኙነት አላገኘም። በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ደግሞ በጣም የተጋለጡት ላይ 41 በመቶ ከፍ ያለ ሥጋት አየ።

ጥርጣሬ፦
የገደሉ ምሳሌ ጥሩ ነው፣ ግን ነገሩን በጣም አለሰለስከው። ክርክሩ ማስረጃው ላይም ነው። የካንሰር ኤጀንሲው ያየው ለሕዝብ የወጡ ጥናቶችን ነው፤ ገበያ ላይ ያለውን ድብልቅ የሚመለከቱትንም ጨምሮ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 «ካንሰር አያመጣም» ወደሚለው ሲያደላ ግን የኩባንያዎቹን ያልታተሙ ጥናቶችም ቆጥሮ፣ ትኩረቱን ዋናው ንጥረ ነገር ላይ አድርጎ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ንጥረ ነገሩ ብቻውን አይገባም። ቅጠል ላይ እንዲለጠፍ የሚያደርጉ ነገሮች አሉበት። ፖኢኤ የሚባለውን አንዱን የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ከግላይፎሴት ጋር እንዳይቀላቀል ከልክሏል።

ለአጎትህ ደግሞ ንገርልኝ፦ የጨው ወሬ የድሮ ማስታወቂያ ናት። የግላይፎሴት አምራቹ ሞንሳንቶ በ1996 ከኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ እዚያ ግዛት ውስጥ እንዲህ ማስተዋወቁን አቁሟል።

ሃያ ዓመት የረጨ፦
ልጁ የጠየቀው ስለ አባቱ አፍ ነው፣ እናንተ ኒው ዮርክ ገባችሁ።

ስማኝ ወንድሜ። ኖዝል በአፍ አይነፋም። ምንም ይሁን ምን። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ይጸዳል። ትርፍ ኖዝል በኪስ ይያዛል። ክፉው ሰዓት ደግሞ ስትረጭ ሳይሆን ስትበጠብጥ ነው፤ ያኔ መድኃኒቱ ገና አልቀጠነም። ጓንት ያን ጊዜ ካላደረግህ ለምን ቀን ትገዛዋለህ? የእኔ መርጫ ክዳኑ ያንጠባጥብ ነበር፤ ጀርባዬ ሁሌ እንደረጠበ ነው የምውለው። ላብ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ።

ሌላው፣ አረም ማጥፊያ ሁሉ አንድ አይደለም። ፓራኳት የሚባል አለ። አንድ ጉንጭ ይገድላል። ማርከሻ የለውም። ሳንባን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው የሚጨርሰው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ አግዶታል። ስለዚህ ስለ ግላይፎሴት ከመከራከራችሁ በፊት፦ አባትህ የነፉት ምኑን ነው? ዕቃው ላይ ምን ተጽፏል?

መርጫ አዛይ፦
አሁን ሄጄ አየሁት። ምንም አልተጻፈም። የውሃ ፕላስቲክ ነው። ከትልቅ ጀሪካን የተቀነሰ ነው ብለው ነው የሰጡን። አምናም እንደዚሁ ነበር። እህቴና አጎቴ ሳምንቱን ሙሉ የተጣሉት ስሙን ስለማናውቀው ነገር ነው ማለት ነው።

ቤተ ሙከራ፦
እንግዲያው ከላይ የጻፍኩልህን ሁሉ ለጊዜው ተወው። ስሙን የማታውቀውን አትርጭ። አታሽትተው፣ አትቅመሰው፣ ቱቦ ውስጥም አትድፋው። ውሃ መስሎት የሚጠጣው ልጅ እንዳይኖር ቆልፍበት። አባትህ ደግሞ ምንም ባይሰማቸውም ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። የተፈጠረውን እንዳለ ይንገሩ፤ «ስሙን አናውቀውም» ማለትም ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው።

መርጫ አዛይ፦
ፕላስቲኩን ቆልፌበታለሁ። «ደህና ነኝ እኮ» እያሉ ቢያንገራግሩም እህቴ ሐኪም ዘንድ ይዛቸው ወጥታለች። አጎቴ ደውሎ «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። እሱም የሚረጨው ከዚያው ጀሪካን ነው።