ካይቶሳኔ የጉድጓድ ውሃ ላይ እምቢ አለ፤ ምን አጠፋሁ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መርዛማውን አርሴኒክ ከውሃ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር እንክብል እየሠራሁ ነው። ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣውን ካይቶሳን በቀጭን አሴቲክ አሲድ አሟሟሁና ፌሪክ ክሎራይድ (የብረት ጨው) ጨመርኩበት። ከዚያ በሲሪንጅ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግሁት። ምስር የሚያካክሉ፣ ዝገት የመሰሉ እንክብሎች ወጡልኝ። አርሴኔት (አንዱ የአርሴኒክ ዓይነት) በጨመርኩበት ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ ላይ አሪፍ ሠሩ። የጉድጓድ ውሃ ላይ ግን አርሴኒኩ በሊትር ከ80 ማይክሮግራም ወደ 60 ብቻ ወረደ። የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.8 ነው።

ዝገት፦
የጉድጓዱ አርሴኒክ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይተሻል? ኦክስጅን በሌለበት የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበዛው አርሴናይት ነው። እሱ ደግሞ እስከ ፒኤች 9 ገደማ ቻርጅ የለውም፤ ለመያዝ ያስቸግራል። አርሴኔት ግን ኔጋቲቭ ስለሆነ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። በትንሽ ክሎሪን ወደ አርሴኔት ቀይሪው። የተረፈውን ክሎሪን ሳታስወግጂ እንክብሉን እንዳትከቺ፣ ካይቶሳኑን ይበላዋል። አየር በመንፋት ብቻ ልቀይረው ብዬ እኔ ሳምንት አባክኛለሁ።

ላብ ጥግ፦
ፎስፌቱንም ለኪ። ፎስፌትና አርሴኔት መንትያ ናቸው፤ ብረቱ ላይ አንድ ወንበር ይሻማሉ። ለመሆኑ እንክብሎቹን እንዴት አደረቅሻቸው?

ጀማሪዋ፦
ኦቨን ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት ሳያቸው የጎመን ዘር አክለዋል።

ላብ ጥግ፦
ዲስቲልዱ ላይ የሞከርሽውም እነዚህኑ ነው?

ጀማሪዋ፦
ኧረ አይደለም! ያኔ እርጥቦቹን ነበር።

ላብ ጥግ፦
በቃ፣ አንዱ ጥፋት ተገኘ። ኦቨኑ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። እርጥቡን ተጠቀሚ፤ ማድረቅ ግድ ከሆነ በፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ በሚያደርቅ ማሽን) ይሁን።

ዳር ቆሜ፦
ጣልቃ ልግባና፣ ውሃውን ማፍላትስ አይበቃም?

ዝገት፦
ጭራሽ ያባብሰዋል። ውሃው ይተናል፣ አርሴኒኩ እዚያው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ጀማሪዋ 60 ላይ ናትና ገና ማንም እንዳይጠጣው።

ጀማሪዋ፦
ዛሬ እርጥቡንም ክሎሪኑንም አብሬ ልሞክር?

ላብ ጥግ፦
አብረሽ አትቀይሪ፣ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። አንዱን ብልቃጥ እርጥብ እንክብል ብቻ፣ ሌላውን እርጥብ ከነክሎሪኑ፣ ሦስተኛውን ያለ ምንም እንክብል አድርጊ። የእንክብሉ ክብደትና ሰዓቱ እኩል ይሁን። ያገለገሉትን ደግሞ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካጠብሽ አርሴኒኩ ሁሉ እጣቢው ውስጥ ነው ያለው። ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊው፤ ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ስሙን ጽፈሽ አስቀምጪው።