ክርክር፦ ጳጳሳት በነዳጅ ዋጋ ምን አገባቸው?

አስተባባሪ፦ የዛሬው መከራከሪያ ከኢኳዶር ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁን 2022 ላይ የአገሬው ተወላጆች ኅብረት የሆነው ኮናዬ መንገድ ዘግቶ «ነዳጅ ይቀነስ» አለ። አድማው 18 ቀን ፈጀ። ጁን 30 ቀን ስምምነቱ የተፈረመው ግን ቤተ መንግሥት አይደለም፤ በዋና ከተማዋ ኪቶ በሚገኘው የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ቅጥር ውስጥ፣ በጳጳሳቱ አደራዳሪነት ነው። የቤንዚንና የናፍጣ ዋጋ በጋሎን 15 ሴንት ወረደ፣ አድማውም ቆመ። ጥያቄው፦ ቤተ ክርስቲያን የነዳጅ ዋጋ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጧ ተገቢ ነው? ሐሳብ እንጂ ስድብ አንፈልግም።

ባለ ቦቴው፦ ጥያቄ ነው እንዴ ይሄ? 18 ቀን መንገድ ሲዘጋ ቦቴው አይንቀሳቀስም፣ ማደያው ይደርቃል፣ ገበያው ባዶ ይሆናል። መንገዱን ያስከፈተ ይባረክ፤ ቀሚሱ ጥቁር ይሁን ነጭ አያገባኝም።

የሕግ ሰው፦ ባለ ቦቴ፣ መንገዱ መከፈቱን ማን ጠላ? እኔ የምለው ሌላ ነው። የ2008ቱ ሕገ መንግሥታቸው ገና አንቀጽ 1 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህን ደግሞ በዋዛ አላገኙትም። በፕሬዚዳንት ጋርሲያ ሞሬኖ ዘመን የወጣው የ1869 ሕገ መንግሥት ካቶሊክ ያልሆነን ሰው ዜጋ አያደርግም ነበር። ከዚያ ለመውጣት የ1895ቱ የሊበራሎች አብዮት፣ ቀጥሎም የ1906 ሕገ መንግሥት አስፈልጓል። እንዲህ ደክመህ በበር ያስወጣኸውን በመስኮት ታስገባዋለህ?

ዲያቆኑ፦ የሕግ ሰው፣ ማስታረቅና ማዘዝ ለየቅል ነው። ጳጳሳቱ «ጋሎኑ ይህን ያህል ይሁን» አላሉም፤ የተጣሉትን አገናኙ። የመጀመሪያቸውም አይደለም። ኦክቶበር 2019 ፕሬዚዳንት ሌኒን ሞሬኖ በድንጋጌ ቁጥር 883 የነዳጅ ድጎማውን በአንድ ሌሊት ሲያነሳ፣ 1.03 ዶላር የነበረው የናፍጣ ጋሎን ከእጥፍ በላይ ሆነ። አገር ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ መንግሥት መቀመጫውን ወደ ጓያኪል ከተማ አዛወረ። ኦክቶበር 13 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የጳጳሳቱ ጉባኤ አደራዳሪ ሆነው ሁለቱን ወገኖች አስቀመጡ፤ ሕዝቡ በቴሌቪዥን በቀጥታ አየ፣ ድንጋጌው ተነሣ። ምን ተደበቀ?

በ2022ስ ማን ነበር የቀረው? ጁን 28 ቀን የነዳጅ አጀብ ተጠቅቶ ወታደር ሲሞት መንግሥት ድርድሩን ጥሎ ወጣ። በዚያው ዕለት ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ጊዬርሞ ላሶን ለማውረድ ድምፅ ሰጥቶ 92 ሲያስፈልገው 80 ብቻ አገኘ። ምክር ቤቱ አልቻለም፣ መንግሥት አኩርፏል። ሸምጋይ ከየት ይምጣ ታዲያ?

ሒሳብ አዋቂ፦ ዲያቆን፣ «ዋጋ አልቆረጡም» ያልከውን እስቲ እንመንዝረው።

ከአድማው በፊት ኤክስትራ የሚባለው ተራ ቤንዚን በጋሎን 2.55 ዶላር፣ ናፍጣው 1.90 ነበር። ኮናዬ 2.10 እና 1.50 ይሁንልን አለ፤ ማለትም 45 እና 40 ሴንት ቅናሽ። ላሶ ጁን 26 ቀን በራሱ ጊዜ ወጥቶ 10 ሴንት መቀነሱን አወጀ። ጳጳሳቱ ዘንድ 5 ሴንት ተጨመረበት። 2.40 እና 1.75 ሆነ፣ አለቀ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ተጽዕኖ በዋጋ ሲተመን እንግዲህ 5 ሴንት ነው። ትንሽ ናት፤ ግን መንግሥት መንገድ ለዘጋበት ሰው አምስት ሴንት ከሰጠ ተሸነፈ ይባላል፣ ለሸምጋይ ከሰጠ ግን አከበረ ይባላል። ኮናዬም እንደዚያው፤ ከ45 ወደ 15 መውረድን ለላሶ ብሎ አያደርገውም። እስከዚህ ድረስ ከአንተ ጋር ነኝ።

የሚያንገበግበኝ የቅናሹ አሠራር ነው። ለቤንዚንም 15፣ ለናፍጣም 15! ናፍጣ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ነው፤ የድሃው ድንችና ሩዝ የሚጓጓዘው በእሱ ነው። ቤንዚኑን ግን ባመዛኙ የሚቀዳው ባለ መኪናው ነው፤ ብዙ የነዳ ብዙ ይደጎማል። በግብር ከፋዩ ገንዘብ ኪቶ ውስጥ ሁለት መኪና ያቆመውም እኩል ተቀነሰለት። ሱፐር የሚባለው ውዱ ቤንዚን ብቻ ቀድሞም በገበያ ዋጋ ስለሚሸጥ አልተነካም። ለድሃ የቆመ አደራዳሪ ቢያንስ «ናፍጣው ላይ አብልጡ» አይልም?

ዲያቆኑ፦ ይህን ብለው ቢሆን ኖሮ «ይኸው ዋጋ ቆረጡ» ብላችሁ ትነሡባቸው ነበር። ዝም ሲሉ ለድሃ አልቆሙም፣ ሲናገሩ ጣልቃ ገቡ። የቱን ያድርጉ?

ሒሳብ አዋቂ፦ እሱ እውነት ነው። ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባቸው፤ አደራዳሪም የድሃ ጠበቃም በአንድ ወንበር አይሆንም።

እሙ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ ለምን ተሰሙ? ሁለቱም ወገን ውስጥ ሥር ስላላቸው ነው። ከ1954 እስከ 1985 የሪዮባምባ ጳጳስ የነበሩት ሊዮኒዳስ ፕሮአኞ «የሕንዶቹ»፣ ማለትም የአገሬው ተወላጆች፣ «ጳጳስ» ይባሉ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለገበሬ አከፋፍለዋል። በ1972 የተመሠረተው የደጋዎቹ ተወላጆች ድርጅት ኤኩዋሩናሪ በእሳቸው ዓይነት ቀሳውስት ድጋፍ ነው የቆመው፤ ኮናዬ ደግሞ በ1986 እሱንና ሌሎቹን ይዞ ተመሠረተ። በወዲያኛው ወገን ላሶ ኦፐስ ዴይ የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል መሆኑ የታወቀ ነው። ባንከሩ ላሶም አድመኛውም ያቺን ቤት ያውቋታል። በዚያ ላይ ከአድመኞቹ መሃል የወንጌላውያን ተወላጆች ምክር ቤት የሆነው ፌይኔ ነበረበት። ፕሮቴስታንቶቹ የካቶሊክ ጳጳስ ያደራድረን ካሉ እኛ ከሩቅ ሆነን ምን እንላለን?

የሕግ ሰው፦ እሙዬ፣ ነገሬን አጠናከርሽልኝ። ከሁለቱም ጋር የተዛመደ አካል ገለልተኛ ይባላል? የራሱ ጥቅም ያለው ባለጉዳይ ነው እንጂ። ከቄስ ቀሚስ ሥር ምኞት ሲወጣ ደግሞ አይተናል። ናይጄሪያን ውሰዱ። ጃንዋሪ 2012 ፕሬዚዳንቱ ጉድላክ ጆናታን ድጎማ አንስቶ ቤንዚን ከ65 ወደ 141 ናይራ ሲዘል፣ ሌጎስ ውስጥ ኦጆታ ላይ ሕዝቡን ያሰለፈው የፓስተር ቱንዴ ባካሬ ቡድን ነበር። ሰውየው ከዓመት በፊት በ2011 ምርጫ ለፕሬዚዳንትነት የቀረበው የቡሃሪ ምክትል ሆኖ የተወዳደረ ነው! ዋጋው ወደ 97 ወረደ፣ ሕዝቡ ተጠቀመ፣ እሺ። ግን በዚያ መድረክ ላይ የቆመው ፓስተሩ ነው ወይስ ተፎካካሪው?

ባለ ቦቴው፦ 44 ናይራ አስወርዶ እጩ ቢሆንስ ምናለበት? ያላስወረዱትም እጩ ይሆናሉ።

ዲያቆኑ፦ ባካሬን ከኢኳዶር ጳጳሳት ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተትብኝ። አንዱ ሰልፍ መሪ ነው፣ እነዚያ ወንበር አቅራቢ።

ሒሳብ አዋቂ፦ ወንበሩስ ምን አፈራ? ከስምምነቱ በኋላ ለ90 ቀን ውይይት ተብሎ ተቀመጡ፤ ጳጳሳቱ እዚያም ነበሩበት። ዋናው ጉዳይ ድጎማው ለማን ይሂድ የሚለው ነበር። ኦክቶበር ላይ ሲበተኑ በብዙ ነገር ተስማምተው በነዳጁ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ጁን 2024 ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦአ ተራውን ቤንዚን ከ2.46 ወደ 2.72 ሰቀለው። ሴፕቴምበር 2025 የናፍጣውን ድጎማ ሙልጭ አድርጎ አነሳ፤ ከ1.80 ወደ 2.80። ኮናዬ እንደገና ወጣ፣ አንድ ወር ግድም ታገለ፣ ድንጋጌውን ሳያስነሳ አቋረጠ። በጳጳሳቱ ዘንድ የተገኘው ቅናሽ ሁለትና ሦስት ዓመት ገዛ እንጂ ፖሊሲ አልሆነም።

የሕግ ሰው፦ በሽምግልና የመጣ ነገር እንዲህ ነው፤ በሕግ አልቆመማ። ምክር ቤት ቢወስነው ኖሮ...

ዲያቆኑ፦ ቆይ ቆይ! የ2019ኙ ጭማሪ በምን መጣ? በፕሬዚዳንት ድንጋጌ። የ2024ቱስ? በድንጋጌ። የ2025ቱ? ድንጋጌ ቁጥር 126። ምክር ቤት መቼ ተጠየቀ? ዋጋ ሲጨምር አንድ ሰው በብዕሩ ይጨምራል፣ ሲቀነስ ነው ሕገ መንግሥት የሚጠቀሰው?

የሕግ ሰው፦ ይቺ ታስኬዳለች፣ አልክድም። ግን ያ አንድ ሰው ካርድ ይጠብቀዋል። ኖቦአ ቤንዚን ጨምሮ ኤፕሪል 2025 ላይ ሕዝብ ፊት ቀረበ፣ ተመረጠ። ናፍጣውን ጨምሮ ኖቬምበር ላይ በሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ ያቀረባቸው አራቱም ጥያቄዎች ወደቁበት። ጳጳሳቱ ያደራደሩት ዋጋ ባይጥምህ በምን ካርድ ነው የምትጥላቸው?