ማስታወቂያ መሆኑን እንዴት ላሳምናት?

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ቲክቶክ ላይ የምትከታተላት ወጣት "ፊቴን ያጠራልኝ ይሄ ነው" እያለች ክሬም ታሳያለች፤ ከሥር የቴሌግራም አድራሻ አለ። ልጄ በእኔ ቴሌብር 1,200 ብር ልካ አስመጣች። ዕቃው ላይ ምንም አልተጻፈም፤ እንደ ሜርኩሪ ወይም ስቴሮይድ ያለ ቆዳ የሚጎዳ ነገር ይኑርበት አይኑርበት አይታወቅም። በሳምንቱ ጉንጯ ቀልቶ ተላጠ።

ክሬሙን ቀማኋት፣ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ የይለፍ ቁጥሬን ቀየርኩ። የቲክቶክ አካውንቷንም ከእኔ ጋር አገናኝቼ በቀን አንድ ሰዓት ገደብኩ። ምን ዋጋ አለው፣ በጓደኛዋ ስልክ ታያለች።

ፊቷ እየዳነ ነው፤ ጭቅጭቃችን ግን ብሶበታል። "እሷ እኮ ነጋዴ አይደለችም፣ የራሷን ነው የምትናገረው" ትለኛለች። ቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ የሚል ምልክት ስለሌለ መልስ አጣሁ። ተከፍሏት እንደምታወራ ልጄ ራሷ እንድትደርስበት ምን ላሳያት?