ቢቢሲ ሸክላው እያለው ለምን ባንድ እየጠራ ያስጫውት ነበር?

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እንግሊዝ የሬዲዮና የቴሌቪዥን የሙዚቃ ዝግጅቶች የአንድ ሰዓት ፕሮግራም እዚህ ባሕር ዳር እየተሰናዳ ነው፤ ሁለት ነገር አልጠራም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) ቢትልሶች በ1963 አገሩን አጥለቅልቀውት ሳለ ቢቢሲ ለፖፕ የተለየ ጣቢያ የከፈተው በ1967 ነው፤ ለምን ዘገየ? ደግሞ በቢቢሲ የተቀዱት የዚያ ዘመን ዘፈኖች ከሸክላው ይለያሉ፤ የጊታሩ መሃል ጨዋታ ሌላ፣ አጨራረሱም ሌላ። የቅጂ ስሕተት ነው ወይስ ምክንያት አለው?

ሸክላ ሰብሳቢ (ደብረ ማርቆስ)፦
ወንድሜ፣ የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው፤ «የመርፌ ሰዓት» ይሉታል። መርፌው የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ነው። ቢቢሲ ከሸክላ ኩባንያዎች ድርጅትና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር በነበረው ስምምነት በቀን ለስንት ሰዓት ሸክላ ማጫወት እንደሚችል ተቆርጦ ተሰጥቶት ነበር። ኩባንያዎቹ «ሬዲዮ ላይ በነጻ የሰማውን ማን ገንዘብ አውጥቶ ይገዛል» አሉ። ሙዚቀኞቹ ደግሞ ሸክላ ቀኑን ሙሉ ከዞረ ባንድ የሚቀጥር እንደሚጠፋ ታያቸው። ሠርግ ቤት ካሴት ሲገባ ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ምን እንደገጠመው ያየ የጎጃም ሰው ይህ ስጋት አይጠፋውም።

የቀረው ሰዓት ታዲያ በምን ይሞላ? ባንዱን ስቱዲዮ ጠርቶ እንደገና በማስጫወት ነው። ከ1958 ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ብራያን ማቲው ይመራው የነበረው «ሳተርዴይ ክለብ» በአብዛኛው የቆመው በዚህ ነው። ቢትልሶች ከ1962 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ብቻ ለቢቢሲ ሬዲዮ 88 የተለያዩ ዘፈኖችን ተጫውተዋል፤ እየደጋገሙ ስለነበር በአየር ላይ የዋለው ጨዋታ 275 ይደርሳል። ከ88ቱ 36ቱን በዚያ ዘመን በሸክላ አላወጧቸውም። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው የተበላሸ ቅጂ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጨዋታ ነው። ለእኔ ከሸክላው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የተቀዳ፣ ያልተኳኳለ ድምፅ ነው።

የሞገድ ነገር (ዳንግላ)፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ለመዘግየቱ ሌላም ነገር አለ። ቢቢሲ በአገሩ ብቸኛው ሕጋዊ ሬዲዮ ነበር፤ የግል የንግድ ጣቢያ የተፈቀደው በ1973 ነው። ሸክላ የጠማው ወጣት ማታ ማታ ከሉክሰምበርግ አገር የሚተላለፈውን ራዲዮ ሉክሰምበርግን በመካከለኛ ሞገድ 208 ሜትር ላይ ያዳምጥ ነበር። ለምን ማታ? ቀን ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው የታችኛው የአየር ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል፤ ሲመሽ ንብርብሩ ይጠፋና ሞገዱ ከላይኛው ላይ ነጥሮ ሩቅ ይደርሳል። የላይኛው ግን ስለማይረጋ ድምፁ ቀረብ ራቅ ይላል። እዚህም የሩቅ ጣቢያ ማታ ብቻ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1964 ፋሲካ ላይ ራዲዮ ካሮላይን ከእንግሊዝ የባሕር ወሰን ውጭ መርከብ አቁሞ ቀንም ማሰራጨት ጀመረ። የመርፌ ሰዓት አያስረውም፤ ሸክላውን ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቀው። መንግሥት መርከቡን ራሱን መንካት ስላልቻለ በነሐሴ 1967 አጋማሽ ሥራ ላይ በዋለ ሕግ እንግሊዛውያን እዚያ እንዳይሠሩ፣ ስንቅ እንዳያቀብሉ፣ ማስታወቂያ እንዳይሰጡ ከለከለ። አዲሱ የቢቢሲ የፖፕ ጣቢያ ራዲዮ ዋን መስከረም 30 ቀን 1967 በፈረንጅ፣ በእነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 7፡00 ሲከፈት ማይክራፎኑን የያዘው ከመርከብ ጣቢያዎች የመጣው ቶኒ ብላክበርን ነው። የመርፌ ሰዓቱ ግን አብሮ ገባ፤ ለዚህ ነው ጣቢያው ረጅም ሰዓት ከሌላው የቢቢሲ ጣቢያ ከራዲዮ ቱ ጋር አንድ ዝግጅት ይጋራ የነበረው።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠራልኝ። ከቢቢሲ ቴሌቪዥን የፖፕ ዝግጅት ከ«ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተወሰደ ድምፅስ በቀጥታ የተዘፈነ ነው ብዬ ላስተዋውቅ እችላለሁ?

ሸክላ ሰብሳቢ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሳታጣራ እንዳትል። ዝግጅቱ ጥር 1 ቀን 1964 ማንቸስተር ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ ሲጀመር ዘፋኞቹ ሸክላው እየዞረ አፍ ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሱት፤ ንጹሕ ፕሌይባክ። በ1966 የሙዚቀኞች ማኅበር ይህን አስከለከለ። ከዚያ በኋላ ወይ ከቢቢሲ ኦርኬስትራ ጋር መዝፈን፣ ወይ አጃቢውን ሙዚቃ ለዝግጅቱ እንደ አዲስ መቅዳት ግድ ሆነ። አዲስ ቀዳን ብለው ዋናውን የሸክላ ቴፕ የሚያስረክቡም ነበሩ፤ ስለዚህ ከ1966 በኋላ ነው ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ስታጣራ ሸክላውንና ቅጂውን በአንድ ጊዜ አስጀምራቸው። ፍጥነታቸው ከተለያየ ወይም ከበሮው ሌላ ቦታ ከመታ አዲስ ቅጂ ነው። እስከ መጨረሻው አብረው ከሄዱ ፕሌይባክ ነው። በቪዲዮ ከሆነ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ገመድ ፈልግ፤ የዚያን ዘመን ጊታር ያለ ገመድ ድምፅ አይሰጥም። መጨረሻውንም ስማ፤ ሸክላው ድምፁ እየቀነሰ የሚጠፋ ቢሆንም፣ ስቱዲዮ የተጫወተው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምት ይዘጋል።

የ1960ዎቹ ክፍሎች ብዙ ካላገኘህ አትገረም። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር እየፋቁ ሌላ ይቀዱበት ነበር፤ አብዛኛው በዚያ ጠፍቷል። የሚያሳዝን ነው፣ ግን ሆኗል።

የሞገድ ነገር (ዳንግላ)፦
አንድ ልጨምር። የመርፌ ሰዓት የቀረው በ1988 ነው። የራዲዮ ዋኑ አቅራቢ ጆን ፒል ግን ባንዶችን ወደ ቢቢሲው ሜይዳ ቬል ስቱዲዮ እየጠራ፣ ብዙ ጊዜ አራት አራት ዘፈን እያስቀዳ እስከ 2004 ቀጠለ፤ ከ1988 ወዲህ ያለው በግዴታ ሳይሆን በምርጫ የተቀዳ ነው። በማስተዋወቂያህ ላይ የተቀዳበትንና የተላለፈበትን ቀን ለየብቻ ጻፍ፤ በመካከላቸው ሳምንታት ሊኖሩ ስለሚችሉ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።