አስቸኳይ፦ ቫልቮላ ካጠበቅሁ ወዲህ ሞተሬ አልነሳ አለ

ጠያቂ (ማራኪ)፦ ወገን ድረሱልኝ። ሞተሬ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ጠክ ጠክ ይል ነበር። ትናንት እቤት ከፍቼ ድምፁ እስኪጠፋ ቫልቮላውን (የነዳጁን መግቢያና የጭሱን መውጫ የሚከፍት የሚዘጋውን) አጠበቅሁት። ጸጥ አለ። ዛሬ ከአዘዞ ስመለስ ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን ብረግጠው ብረግጠው ወይ ፍንክች። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮላውን በሰዓቱ የሚያስከፍተው ቀበቶ) ዘሎ ይሆን? ነገ ዕቃ አደርሳለሁ ብያለሁ፣ ቶሎ በሉ!

ባለ ሁለት ጎማ፦ ካንዴላ ቀይር።

የፒያሳው፦ የምን ሞተር ነው? ስንት ሲሲ? ሐኪም ቤት ገብቶ «አመመኝ» ብሎ ዝም የሚል አለ?

ጠያቂ፦ የቻይና 125 ነው፣ ሰው ሁሉ የሚይዘው።

ጋሽ መካኒክ፦ ልጄ፣ ቺንጋውን እርሳው። ቺንጋ እንደ አንዳንድ ዱካቲ ባሉ ትልልቆች ላይ ነው። ያንተው ሰንሰለት ነው። የዛሬ ልጆች ደግሞ ድምፅ አትወዱም። ቫልቮላ ትንሽ መንኳኳት አለበት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ካልተውህለት አይዘጋም፣ እምቁ (የታመቀው ጋዝ) ያመልጣል፣ ቫልቮላውም ይቃጠላል። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።

ዘይት በእጁ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የቻይና 125 ብዙዎቹ የሆንዳ ሲጂ 125 ቅጂ ናቸው። የቫልቮላ ሰንሰለትም የላቸው። ካምሻፍቱ (እየዞረ ቫልቮላ የሚያስከፍተው ብረት) ታች ሆኖ ቫልቮላውን በሁለት ዘንግ ይገፋል። የላይኛውን ክዳን ሲከፍት ከሮከሮቹ (ቫልቮላውን ከሚጫኑት ክንዶች) ሥር ዘንግ ካየ፣ የሚዘል ነገር የለም።

ባለ ሁለት ጎማ፦ ካንዴላ ብያለሁ።

የቀበሌው ቀልደኛ፦ ጥር 11 ድረስ ታገስና ፋሲል መዋኛ ጠበል ይነካው።

ጠያቂ፦ ሳቁ እናንተ። ዘንግ አለው። ስረግጠው ደግሞ ባዶ ነው፣ ምንም አይከብድም።

ዘይት በእጁ፦ በቃ፣ አጥብቀህ ቫልቮላው ተከፍቶ ቀርቷል። አሁን አትንካው፣ በርዶ ይደር። ጠዋት ካንዴላውን ፍታ፣ መዞሩ ይቀልሃል። በግራ ያለውን የማግኔት ክዳን ክፈት። ሁለቱንም ቫልቮላ መጀመሪያ አላላ፤ እንደጠበቁ ከተውሃቸው ቦታውን አታገኘውም። ከዚያ ማግኔቱን በቁልፍ ከሰዓት ተቃራኒ አዙር። በካርብሬተር በኩል ያለው ቫልቮላ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ «ቲ» የምትለዋ ፊደል ከሞተሩ ገላ ምልክት ጋር ስትገጥም ቁም። ቀድማ በመጣችው «ቲ» ካስተካከልህ ሥራው ከንቱ ነው። ሲጂ ላይ በሮከሩና በቫልቮላው ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ለሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው፤ የሞተርህ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስማ። ፊለር ጌጁ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ሲሳብ ያዝ ማድረግ አለበት። ዳዶውን ስታጠብቅ ቪቴው አብሮ ስለሚዞር በካቻቢቴ ያዘው፣ ከዚያ ደግመህ ለካ። እኔን ሦስቴ ሸውዶኛል።

የፒያሳው፦ ፊለር ጌጅ ከሌለው በወረቀት አይሆንም?

ዘይት በእጁ፦ የደብተር ወረቀት 0.1 ገደማ ነው፣ ዘይት ሲነካው ደግሞ ይልፈሰፈሳል። ተው።

አዘዞ ልጅ፦ እኔ ጋ ጌጅ አለ። ጠዋት ሳይረፍድ ናና ውሰድ።

ጋሽ መካኒክ፦ ሲጂ መሆኑን ቀድሞ ቢናገር እኔም ይህንኑ እል ነበር።

አዘዞ ልጅ (ከአራት ቀን በኋላ)፦ ወንድሜ፣ ተነሳልህ? ጌጄን ጎረቤት እየጠየቀኝ ነው።