የወፍ መመገቢያ ላይ ቪዲዮ መቅረጽ፦ ወፏ ትጠቁራለች፣ ክንፏም ብዥ ይላል

ጥያቄ፦
ወገኖች፣ እስቲ እርዱኝ። ግቢዬ ውስጥ ለወፎች እህል የማስቀምጥበት ጠረጴዛ አለ። ስልኬን በማቆሚያ ከጠረጴዛው 50 ሳንቲ ሜትር አርቄ ስቀርጽ ፎከሱ ከወፏ እየሸሸ ኋላ ያለው ቅጠል ላይ ይሄዳል፤ ወፏ ትጠቁራለች፤ ስትነሳ ክንፏ ብዥ ይላል። እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ የሚቀርጽ ካሜራም ሞክሬያለሁ፤ ብዙው ቪዲዮ ባዶ ነው፣ ወፍ ያለበትም አይጠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ስልኩን ከመነካካትህ በፊት ቦታውን አስተካክል። ወፏ የምትጠቁረው ብርሃኑ ከጀርባዋ ስለሚመጣ ነው። ፀሐይ ከአንተ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ጎን እንድትሆን ስልኩን አዙረው። ሌንሱ ከጠረጴዛው ወለል ጥቂት ብቻ ከፍ ይበል፤ ከላይ ወደታች ከቀረጽክ የምታገኘው የወፍ ጀርባ ነው። ኋላ ያለው ቅጠል ከጠረጴዛው 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ቢርቅ፣ ጥላም ቢያርፍበት ወፏ ለብቻዋ ጎልታ ትወጣለች።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማረፊያ ነው። ብዙ ወፎች እህሉ ላይ ከመውረዳቸው በፊት አቅራቢያ ካለ ነገር ላይ ቆመው ዙሪያውን ይቃኛሉ። ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ የጣት ውፍረት ያለው ደረቅ ቅርንጫፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ አድርገህ እሰር። ቅርንጫፉ ለሌንሱ ጎኑን ይስጥ። ጫፉ ወደ ሌንሱ ካመለከተ ወፏ ቀረብም ራቅም ብላ ልትቆም ስለምትችል ፎከሱ አይያዝልህም። ከዚያ ወፏ የምትቆምበት ላይ ትንሽ እንጨት አስቀምጥና ፎከሱና ብርሃኑ እስኪቆለፉ ስክሪኑን እዚያው ላይ በጣትህ ተጭነህ ቆይ። እንጨቱን አንሳ፤ ስልኩን ከዚያ ወዲያ አትንካው።

ሌላ መልስ፦
በማረፊያው እስማማለሁ፤ የክንፉ ችግር ግን የሹተር ነው፤ ሹተር ማለት ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ነው። ሹተሩን በእጅ የሚያስቀይር የቪዲዮ መተግበሪያ ጫንና 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርገው፤ በሰከንድ 120 ፍሬም ከቀረጽክ መነሳቷን አዝግመህ ታሳያለህ። ይህ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ በደመና ጊዜ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ያኔ ወደ 1/500 መውረድ ይሻላል። ስልኩ ፀሐይ ላይ ከቆየ ግሎ መቅረጹን ስለሚያቋርጥ ሽፋኑን አውልቅና ጥላ አብጅለት። ሜሞሪህንም አስላ፦ በሰከንድ 50 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) የሚቀርጽ ቪዲዮ በደቂቃ 375 ሜጋባይት፣ በሰዓት ከ22 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል።

ሦስተኛ መልስ፦
ስለ ካሜራው ልጨምር። የዚህ ካሜራ ዳሳሽ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚለየው ክፍል፣ የሚያየው ተንቀሳቃሽ ሙቀትን ነው። ቀትር ላይ ከወፏ ኋላ ያለው ነገር ሲግል ከወፏ ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ ወፏ ታመልጠዋለች፤ ፀሐይ ያጋለው ቅጠል ሲወዛወዝ ደግሞ ወፍ ሳይኖር መቅረጽ ይጀምራል። ፊቱ ያለውን ቅጠል መልምል፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ተጠቀምበት። የማይጠራው ፎከሱ ለሩቅ ተሠርቶ ስለተዘጋ ነው። የ+2 የንባብ መነጽር መስተዋት ሌንሱ ፊት በቴፕ ብትለጥፍ 50 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ይጠራል፤ ትክክለኛውን ርቀት ማስመሪያ ዘርግተህ በሙከራ ለይ። ዳሳሹን ግን እንዳትሸፍነው፤ መስተዋት ሙቀቱን ያግደዋል። በመስኮት በኩል የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኩን ሳስቀምጥ ወፎቹ ለረጅም ጊዜ አይመለሱም፤ ለዚህስ?

መልስ፦
የስልኩን መጠን የሚያህል ካርቶን እዚያው ቦታ ላይ ለቀናት ተወው፤ ሲለምዱት በስልኩ ትቀይረዋለህ። መቅረጹን ጀምረህ ግባ፣ ቆመህ አትጠብቅ። የተቀዳ የወፍ ድምፅ አጫውተህ አትጥራቸው፤ ባላንጣ የመጣ መስሏቸው ከመብላት ይልቅ ሲፋለሙ ይውላሉ። ጎጆ ካየህም ካሜራ አታስጠጋ፤ እናቲቱ ጥላው ልትሄድ ትችላለች።

ጠረጴዛውንም አደራ። ብዙ ወፍ አንድ ላይ ሲመገብ በሽታ በኩሳቸው ይተላለፋል። በየሳምንቱ ፍቀህ እጠበው፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠህ ቀባው፣ በደንብ አለቅልቀህ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ እህሉን መልስ። ላባዋን ነፍታ የተኮራመተች፣ ሰው ሲቀርብ የማትበር ወፍ ቪዲዮው ላይ ካየህ ምግቡን ቢያንስ ለ2 ሳምንት አንሳ።